ሲወጣ ደምር፣ ሲወርድ ቀንስ

“ለመሆኑ አንቺ ሊፍት ውስጥ ገብተሽ ታውቂያለሽ?” አሉኝ የፊዚክስ መምህራችን፣ ስልሳ ምናምን ልጅ እየሰማ፣ ጠመኔውን እንደ ሲጋራ በሁለት ጣታቸው ይዘው።

“አዎ” አልኩ።

ውሸቴን ነው። ካዛንቺስ ተወልጄ ካዛንቺስ ነው ያደግኩት። ደጃፋችን ላይ ቆሜ ቀና ካልኩ ባለመስታወት ሕንፃዎች ተደርድረው ይታዩኛል፤ ከነሱ ጋር ያለኝ ትውውቅ ግን በጥላቸው በኩል ብቻ ነበር። አንደኛው ከሰዓት በኋላ ጥላውን ግቢያችን ላይ ይጥልና የእማዬ አንሶላ ሁለት ቀን ሙሉ አይደርቅም። ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም። አስረኛ ክፍል እስክደርስ ሊፍት ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ገብቼስ የት ልሄድ?

“ከገባሽማ ሲወጣ ሰውነትሽ እንደሚከብድሽ ታውቂያለሽ” አሉ። “ሲወጣ ደምር፣ ሲወርድ ቀንስ። አለቀ። ቁጭ በይ።”

ክፍሉ ሳቀ። ከሳቁት ግማሾቹ እንደኔው ሊፍትን በሩቁ የሚያውቁ ናቸው። ቁጭ አልኩ፤ ግን “ልክ አይደሉም” እያልኩ ነው ቁጭ ያልኩት።

ነገሩ የፈተና ጥያቄ ነው። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ታርሞ ሲመለስልን አስራ ሰባተኛው ላይ ኤክስ ተደርጎብኛል። ጥያቄው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ አንዲት ልጅ ሊፍት ውስጥ ሚዛን ላይ ቆማለች። ሊፍቱ ቆሞ ሳለ ሚዛኑ አምስት መቶ ኒውተን ያነባል። አሁን ሊፍቱ ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ሊደርስ ሲል ፍጥነቱን መቀነስ ጀመረ። ሚዛኑ ስንት ያነባል? ምርጫዎቹ አራት መቶ፣ አምስት መቶ፣ ስድስት መቶ፣ መልስ የለም። ልጅቷ ለምን ሚዛን ይዛ ሊፍት ውስጥ እንደገባች ጥያቄው አይናገርም።

እኔ አራት መቶ አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ስድስት መቶ። “ሲወጣ ደምር” ነዋ! መምህራችን ያንን ቃል ዓመቱን ሙሉ እንደ መዝሙር ሲያስደግሙን ከርመዋል፤ ከኛ በፊት የነበሩትንም አስደግመዋል፣ ከኛ ጎን ያሉትን ሦስት ክፍሎችም እንደዚሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም አብሬ ዘምሬያለሁ። ፈተናው ላይ ግን መዝሙሩ ሳይሆን ታክሲ ነው ትዝ ያለኝ። ከለገሃር ካዛንቺስ ስመላለስ፣ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ታክሲው ይቆማል፣ እኔ ግን አልቆምም፤ መሄዴን ቀጥዬ ፊት ለፊቴ ያሉት ሰውዬ ኮት ላይ ነው የማርፈው። ሊፍት ማለት ደግሞ በቃ ወደ ላይ የሚሄድ ታክሲ ነው። ፍሬን ሲይዝ ገላዬ ወደ ላይ መሄዱን ሊቀጥል ይፈልጋል፤ ስለዚህ ወለሉን የሚጫነው ቀለል አድርጎ ነው። አራት መቶ። ይህን ለማወቅ ሊፍት ውስጥ መግባት አያስፈልግም፤ ክፉ ሾፌር ይበቃል።

ይህን ነው ተነስቼ የተናገርኩት። መልሳቸውን ከላይ ጽፌዋለሁ።

ሁሉም ለአንድ ማርክ ነው፤ ግን የትኛዋ ማርክ! ለአስራ አንደኛ ክፍል ናቹራልና ሶሻል ተብለን ልንከፈል ነው። ትምህርት ቤታችን ናቹራል የሚያስገባው ፊዚክስ ላይ ስልሳ የሞላለትን ነው። እኔ ሃምሳ ዘጠኝ ነበረኝ። ዶክተር ልሁን፣ ኢንጂነር ልሁን ብዬ አይደለም። ሶሻል ከገባሁ መሸምደድ ነው፤ እኔ ደግሞ መሸምደድ ስጀምር እግሬ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ፊዚክስን የወደድኩት ተማሪ ከመምህር ጋር ተከራክሮ ልክ ሊሆን የሚችልበት ብቸኛው ትምህርት ስለመሰለኝ ነው። ዕድሜዬ አስራ ስድስት ነበር።

“ሚዛን ይዤ ሊፍት ውስጥ እገባለሁ” አልኳት ጓደኛዬን፣ ስንወጣ።

“ያምሻል እንዴ?”

“ስልክሽን ይዘሽ ትመጫለሽ። ትቀርጭኛለሽ።”

“አንቺ ቀዥቃዣ፣ ሰውዬው አለቀ ብለውሻል እኮ። በናትሽ አታካብጂው።”

ይቺ ጓደኛዬ የወሎ ሰፈር ልጅ ናት፤ የአንድ ለአምስታችን መሪም እሷ ነበረች። አንድ ለአምስት ማለት አንድ ጎበዝ ተማሪ ለአምስት ሰነፍ ተሰጥታ የምታስጠናበት አደረጃጀት ነው፤ በወረቀት ላይ። በተግባር እሷ ትሠራለች፣ እኛ እንገለብጣለን፣ እሷም የገለበጥነውን አይታ “ገብቷችኋል?” ትለናለች። እሷም አስራ ሰባተኛውን ስድስት መቶ ነው ያለችው። ሌሎች ትምህርቶች ላይ አንበሳ ናት፤ ፊዚክስ ላይ ግን መዝሙሩን በልቧ ይዛ ነው የተራመደችው። “አታካብጂው” ብላኝም ቢሆን እንደምትመጣ አውቄያለሁ። እንቢ ማለት አትችልበትም።

ሚዛን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። እማዬ ለገሃር አስፋልቱ ዳር ሶፍት፣ ማስቲካና የሰው ሚዛን ይዛ ትቀመጣለች። በዚያ ሚዛን ነው ያሳደገችኝ።

“ሚዛንሽን አንድ ከሰዓት አውሺኝ።”

“ምን ሊሠራልሽ?”

“አሳንሰር ውስጥ ልመዘንበት።” ለእማዬ ሊፍት ካልኩ አይገባትም፤ አሳንሰር ነው የምትለው።

“ለምን፣ መሬት ላይ ምን ጎደለሽ?”

“ለትምህርት ነው።”

ለትምህርት ከተባለ እማዬ ጣሪያውን ነቅላ ትሰጣለች። “እንግዲያው ሰኞ ውሰጂው። ሰኞ ሴት አይመዘንም፤ እሁድ የበላችውን ማን ማወቅ ይፈልጋል? ብትሰብሪው ግን እዚያው አሳንሰሩ ውስጥ ቅሪ።”

ከዚያ ስለ ሚዛኑ ምስጢር ነገረችኝ። ጎኑ ላይ መርፌውን ዜሮ ላይ የምታቆም ትንሽ ጥርስ ያላት መዘውር አለች። እማዬ አቧራ የምትጠርግ መስላ በአውራ ጣቷ ታዞራታለች። ሴት ስትመጣ ሁለት ኪሎ ወደ ኋላ፤ ቀጫጫ ወንድ ሲመጣ ሁለት ኪሎ ወደ ፊት። “ሰው ከፍሎ ለምን ይናደዳል?” አለችኝ። ዓመታት ሙሉ ለገሃር ላይ ሴቱ ሲቀል ወንዱ ሲወፍር የኖረው በእናቴ አውራ ጣት ነው።

ሰኞ ከሰዓት ሚዛኑን በፌስታል አድርጌ፣ ጓደኛዬን አስከትዬ፣ አንሶላችን ላይ የሚያጠላብን ሕንፃ በር ላይ ደረስኩ። ለምን ሌላውን እመርጣለሁ? በሩ ላይ ሴቶችን የምትፈትሽ ሰማያዊ ዩኒፎርም የለበሰች ሴት አለች። ፌስታሉን ከፈተችው።

“ምንድን ነው?”

“ሚዛን።”

“ሚዛን ተሸክመሽ ወዴት?”

“አምስተኛ ፎቅ። ጥርስ ሐኪም ጋ” አልኩ፣ ከጀርባዋ የተለጠፈውን ማስታወቂያ እያነበብኩ።

“ጥርስሽን ልታስመዝኚ?”

“እኔ ነኝ የሚያመኝ” አለች ጓደኛዬ ጉንጯን ይዛ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሌላኛውን ጉንጯን ያዘች።

“እና ሚዛኑ?”

“ማደንዘዣ የሚሰጠው በኪሎ ታይቶ ነው” አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ በኋላ ስሰማ እውነት ነው አሉ።

ፈታሿ እኔን አየችኝ። ጓደኛዬን አየቻት። ከዚያ ሚዛኑን አየችው። “ይሠራል?”

“ይሠራል።”

ጫማዋን አወለቀች። መሬት ላይ አስቀመጥኩላትና ወጣች። “ስልሳ ስድስት! ወይኔ ጉዴ፣ ባለፈው ስልሳ ስምንት ነበርኩ እኮ! ምሳ የተውኩት ሠርቷል ማለት ነው።” እናቴን በልቤ መረቅኳት። “ግቡ፣ ግቡ የኔ ቆንጆዎች፣ ሊፍቱ በግራ ነው።”

ሊፍቱ በሦስት በኩል መስታወት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ከጀርባዬ አየሁት፤ ዩኒፎርሜ ከኋላ እንደዚያ መንችኳል ብዬ አላስብም ነበር። ሚዛኑን መሃል አስቀምጬ ወጣሁበት። አርባ ስምንት። ከእማዬ ምስጢር ጋር ሃምሳ ኪሎ፣ ማለትም አምስት መቶ ኒውተን፤ ልክ እንደ ፈተናዋ ልጅ። ጓደኛዬ ስልኳን ወደ እግሬ አዞረች። አምስተኛውን ፎቅ ተጫንኩ።

ሲነሳ መርፌው ዘሎ ሃምሳ ሦስት ገባ።

“ይኸው ጨመረ! ሲወጣ ደምር!” አለች ጓደኛዬ።

“ዝም በይ፣ ጠብቂ።”

ትንሽ ቆይቶ መርፌው ወደ አርባ ስምንት ተመለሰና እዚያው ቆመ። እየወጣን ነው፣ መርፌው ግን ምንም አይልም፤ መሬት ላይ የቆምኩ ያህል። ከዚያ ሊፍቱ ሊቆም ፍሬን ያዘ። መርፌው ሸርተት ብሎ አርባ ሦስት ወረደ። እየወጣን! ወደ ላይ እየሄድን! በሩ ሲከፈት አርባ ስምንት ላይ ተመለሰ። ፎቁ ላይ ጉንጫቸው ያበጠ ሽማግሌ ቆመው ነበር። እኔን፣ ሚዛኑን፣ ስልኩን ተራ በተራ አዩና በደረጃ መውረድ መረጡ።

“ድገሚው” አለች ጓደኛዬ። ድምጿ ተለውጧል።

ደገምነው። ስንወርድም ቀረጽነው፤ ሲወርድ ለማቆም ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ይጨምራል። መዝሙሩ ሲወጣም ሲወርድም ግማሹ ብቻ ነው ልክ። አራተኛው ዙር ላይ ምድር ቤት በሩ ሲከፈት ፈታሿ ወገቧን ይዛ ቆማለች።

“የጥርስ ሐኪሙ ሊፍቱ ውስጥ ነው እንዴ የሚሠራው?”

እውነቱን ነገርኳት። ምን ታደርጊያለሽ! ፈተናውን፣ መምህሩን፣ አራት መቶውን። ሰማችኝና ገብታ በሩን ዘጋች፤ ጫማዋንም አወለቀች። “እስቲ እኔን አውጪኝ” አለች። ላይ ልንደርስ ስንል መርፌው ከስልሳ ስድስት ወርዶ ስልሳ ሲገባ በሁለት እጇ የሊፍቱን ግድግዳ ያዘች። “እዚህ ላይ አቁሙት! አንሺኝ፣ ፎቶ አንሺኝ!” ጓደኛዬ አነሳቻት። ምስሉን ወዲያው አስላከች። ስንወጣ “ነገም ኑ” ብላናለች።

መንገድ ላይ እኔ በደስታ እዘላለሁ፤ ጓደኛዬ ግን ወደ ኋላ ትቀራለች። ልሸኛት አብሬያት ሄጄ ቡልጋሪያ ማዞሪያ ልንደርስ ስንል ቆመች።

“እኔ ስንት እንዳመጣሁ ታውቂያለሽ?”

አላውቅም ነበር። የጎበዝ ልጅ ማርክ ማን ይጠይቃል?

“ስልሳ። ልክ ስልሳ። የዚያች ጥያቄ ማርክ ከተነሳብኝ ሃምሳ ዘጠኝ ነኝ።” አባቷ ገና ከአሁኑ ፋርማሲስት ብለው ነው የሚጠሯት።

“ለሁሉም ይሰጣሉ እኮ፣ የማይሰጡበት ምክንያት የለም” አልኳት።

“እሳቸው ናቸው የሚሰጡት?”

ስልኩ በእጇ ነው። ቪዲዮውን ማጥፋት የአንድ ጣት ሥራ ነው፤ ጣቷም እላዩ ላይ ነበር። እኔ በሷ ቦታ ብሆን አጠፋው ነበር፤ መልካም ሰው ስላልሆንኩ ነው የማውቀው።

“ውሰጂ” አለችኝ፤ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። “ማለቴ፣ በቃ እኔ እዚያ አልነበርኩም። ፊቴ አይታይም አይደል?”

“እጅሽ ብቻ በመስታወቱ ይታያል።”

“እጄን አያውቁትም።” ታክሲ ይዛ ሄደች።

በማግስቱ መምህራችንን መምህራን ክፍል አገኘኋቸው። ብቻቸውን ናቸው። ነጭ ጋዋናቸው ክንዱ ላይ በጠመኔ ሌላ ዓይነት ነጭ ሆኗል፤ ፊት ለፊታቸው የቀዘቀዘ ሻይና አራት ክምር ወረቀት አለ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር።

“ቲቸር፣ ሊፍት ውስጥ ገብቼ መጣሁ” አልኩና ስልኩን ሰጠኋቸው።

አንዴ አዩት። መነጽራቸውን አወረዱና እንደገና አዩት። ሦስተኛ ጊዜ ሊቆም ሲል ያለውን ብቻ መልሰው መልሰው አዩ። አርባ ስምንት፣ አርባ ሦስት። አርባ ስምንት፣ አርባ ሦስት።

“ሚዛኑ ትክክል ነው?”

እዚህ ላይ መዋሸት ነበረብኝ፤ አልዋሸሁም። “አይደለም፤ ሁለት ኪሎ ይቀንሳል።”

“ታዲያ!” ፊታቸው በራ።

“ቆሞም ሁለት፣ ሄዶም ሁለት ነው የሚቀንሰው ቲቸር። አምስት የወረደው ታዲያ ከየት መጣ?”

ከአንድ ወረቀት ጀርባ ላይ ትንሽ ሳጥን ሣሉ። ከሳጥኑ ወደ ላይ አንድ ቀስት፣ ወደ ታች አንድ ቀስት። ከጎን ሦስተኛ ቀስት ወደ ላይ ጀመሩና ቆሙ። ሰረዙት። ወደ ታች አደረጉት። ከዚያ ደምረው ቀንሰው አራት መቶ ብለው ጻፉ፤ ወዲያውም መዳፋቸውን ጫኑበት፣ እኔ እንዳልኮርጃቸው ይመስል።

ሻዩን ጠጡ፤ እንደቀዘቀዘ ያወቁት ከጠጡት በኋላ ነው።

“አራት ክፍል ነው የማስተምረው” አሉ። “መልሱን ከቀየርኩ ስድስት መቶ ያለው ልጅ ሁሉ አንድ ይወርዳል። ያቺ ጓደኛሽ ስንት እንዳላት ታውቂያለሽ?”

“ስልሳ።”

“እጇ ነው አይደል በመስታወቱ የሚታየው?”

“ለሁሉም ይስጡዋ!” አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሏል።

“ምን ብዬ? ይሄን ሁሉ ዓመት ተሳስቼ ሳስተምር ነበር ብዬ ለዲፓርትመንት ልጻፍ? ሮስተሩ ዓርብ ይዘጋል፤ የሌላው ሁሉ ማርክ ተሞልቷል። ጡረታዬ ደርሷል እኮ ልጄ።” ልጄ ሲሉኝ ያ የመጀመሪያቸው ነው። በግልጽ ስለነገሩኝ አከበርኳቸው፤ ደግሞ ተናደድኩ፤ ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት እንደምይዝ ስላላወቅኩ ጠረጴዛውን ይዤ ቆምኩ።

“ደብተርሽን ይዘሻል?”

ይዣለሁ። የደብተር ማርክ የሚባል ነገር አለ፤ ፈተናው ካለቀ በኋላም ቢሆን በመምህሩ እጅ የሚቆይ እሱ ብቻ ነው። የሚሰጠው ለንጽሕና፣ ለተሟላ ኖትና ለእርማት ነው። እርማት ማለት መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሠሩትን የፈተና መልስ በቀይ እስክሪብቶ ገልብጦ ከሥሩ በማስመሪያ ማስመር ነው። ደብተሬን ገለጡት። አስራ ስድስተኛው ድረስ ተገልብጧል። አስራ ሰባተኛው ላይ ያን ቀን ብስጭት ብሎኝ ትቼዋለሁ፤ ከዚያ በታች ባዶ ነው።

“እርማትሽ አልተሟላም” አሉ። “አሟይው። አንድ ማርክ አለው።”

ገባኝ። እንዳልገባኝ ሆኜ ጠየቅኩ፦ “አስራ ሰባተኛውን ምን ብዬ ልጻፍ?”

“ሰሌዳው ላይ እንደነበረው።”

ቀይ እስክሪብቶውን ከጋዋናቸው ኪስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ውጭ ልጆች ኳስ እየተጫወቱ ነው፤ ኳሷ አጥሩን አልፋ አስፋልት ገብታለች፣ ሁሉም አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው አላፊ አግዳሚውን ይለምናሉ። መምህራችን ያችን ኳስ በጣም በጥሞና ይመለከታሉ።

“ቪዲዮውን ግን በቴሌግራም ላኪልኝ” አሉ፣ ሳይዞሩ። “ለሚቀጥለው ዓመት ልጆች ጥሩ ማስተማሪያ ነው።”

“እሺ።”

ቆሜ ነው የጻፍኩት። አስራ ሰባት ብዬ ቁጥሩን ጻፍኩ፣ ቀመሩን ጻፍኩ፣ የመደመር ምልክቱን አደረግኩ። እኩል ይሆናል፣ ስድስት መቶ ኒውተን። ማስመሪያ አልያዝኩም ነበር፤ የመታወቂያዬን ጠርዝ ተጠቅሜ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። የቀሩትን ሦስት ጥያቄዎችም ሞላሁ፤ እነሱ ልክ ነበሩ።

ዞረው አዩት። ፈረሙበት። ማርክ ሊስቱን ስበው ሃምሳ ዘጠኜ ላይ አንድ መስመር አሰመሩና ከጎኑ ስልሳ ጻፉ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አሉበት።

“ናቹራል ጎበዝ ትሆኛለሽ” አሉኝ።

ደብተሬን ተቀበልኳቸው፣ “አመሰግናለሁ ቲቸር” አልኩና በሩን ዘግቼ ወጣሁ።